ግንድ የሠራው ግንደ ቆርቁር

ተረት አለኝ፤ ጆሮ አላችሁ? ካላችሁ ጠጋ በሉ። ዛሬ ደክሞኛል፣ ጮክ ብዬ አላወራም። ከመካከላችሁ የሚያንጎላጅ ካለም ይተኛ፣ አልቀሰቅሰውም። ተረቱ ራሱ የደከመው ሰው ተረት ነው። ሰው ስላችሁ ወፍ ማለቴ ነው።

ድሮ ነው አሉ። ድንጋይ ሲረግጡት የሚቆጣበት፣ ዛፍ ሲያናግሩት የሚመልስበት ዘመን ነው። በአንድ ቆላማ ሸለቆ ውስጥ ሦስት ባለሙያዎች ሦስት ትንንሽ ወርክሾፖች ከፍተው ይኖሩ ነበር። አያ ቆርቁር የሚሉት ግንደ ቆርቁር እንጨት እየፈለፈለ ቀፎና ሙቀጫ ይሠራል። እትዬ ጃርት ቅል እየፋቀች ዋንጫና ኮዳ ትሠራለች። አያ ፍልፈል ደግሞ ድንጋይ እየቦረቦረ የውኃ ገንዳ ይሠራል። ሥራቸው ለየቅል ይምሰል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ትልቁን ነገር ይይዛሉ፣ የማይፈልጉትን ያወጣሉ፣ የቀረው ዕቃ ይሆናል። ያወጡትን ደጃፋቸው ላይ ይከምሩታል።

እዚያ አገር ታዲያ ባለሙያ የሚለካው በክምሩ ነበር። ልጁን የሚድር አባት አስቀድሞ የሚያየው የአማቹን ደጃፍ ነው። ክምሩ ከፍ ካለ ሠርቶ አዳሪ ነው ይባላል፤ ዝቅ ካለ ሰነፍ ነው ይባላል። ሰላምታቸው እንኳ «እንደምን አደርክ» አልነበረም። «ክምርህ ይብዛ» ይባባላሉ። «ያንተም ይብዛ» ብሎ ይመልሳል ሌላው። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሰላምታ ነው አትበሉኝ፤ እኛም ስንት የማይረባ አለን።

በሸለቆው ውስጥ የአያ ቆርቁርን የሚያህል ክምር አልነበረም። አንድ ቀፎ ለማውጣት አንድ ሙሉ የዋንዛ ግንድ ይገባል። ጥቂቱ ቀፎ ይሆናል፣ የቀረው ፍቅፋቂ ሆኖ ይወድቃል። አባቱም እንዲሁ፣ አያቱም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረው የዋንዛው ጫካ አልቆ አንዲት አሮጊት ዛፍ ብቻ ቀረች። እማማ ዋንዛ ይሏታል። አያ ቆርቁር የተፈለፈለው እሷ ላይ ባለው ጎሬ ነው። ሟች ሚስቱ እንቁላል የጣለችው እዚያው ነው፤ ልጆቹ ክንፍ አውጥተው የበረሩትም ከዚያው ነው። ክምሩ ያለው ደግሞ ከእግሯ ሥር ነው፤ ሥሯን ዙሪያውን አልብሶታል። እማማ ዋንዛ በየዓመቱ ፍሬ ትጥላለች፣ ግን አንድ ችግኝ በቅሎላት አያውቅም። እርጅና ነው ይሉ ነበር።

አያ ቆርቁር ደክሞታል። ጠዋት ሲነሣ አንገቱ አይዞርለትም፤ መንቁሩ በአንድ ወገን አልቋል። አንዳንዴ ሥራ ላይ እንዳለ ምን እየሠራ እንደነበር ይረሳና ግንዱን ተደግፎ ይቆማል። ነፋስ ሲነፍስ ክምሩ ይንኮሻኮሻል፤ ከውስጡም «እኛስ?» የሚል ድምፅ ይሰማዋል። ዝም በሉ ይላቸዋል። ከፍቅፋቂ ጋር የሚያወራ ሰው መጨረሻው አያምርም ብሎ ያስባል።

አንድ ቀን የንቦች ንግሥት መጣች። ትልቅ ሴት ናት፣ ነገር አታበዛም። የድሮ ቀፏቸው በስብሶ ከታች መፍሰስ ጀምሯል። ክረምት ሳይገባ ሌላ ካላገኙ ወንዙን ተሻግረው እንደሚሄዱ፣ ከሄዱም እንደማይመለሱ ነገረችውና በረረች።

አያ ቆርቁር ቁጭ ብሎ አሰበ። ከእማማ ዋንዛ በቀር ለቀፎ የሚሆን ግንድ የለም። ቢቆርጣት ትሞታለች። ባይቆርጣት ንቦቹ ይሄዳሉ፤ ንብ ያልጎበኘው አበባ ፍሬ አይዝም፣ እሷም መክና ትቀራለች። እሱም ሥራው ያበቃል። በየትም ቢሄድ መንገዱ ዝግ ሆነበት።

ዛፏ ንግሥቲቱ ያለችውን ሁሉ ሰምታለች። ከላይ ሆና ቀስ ብላ ተናገረችው።

«ቁረጠኝ እንግዲህ። እኔም ደክሞኛል።»

«ተይ እማማ።»

«ምን ተይ ትለኛለህ? እህቶቼን ስትቆርጥ ጠይቀሃቸው ነበር?»

አያ ቆርቁር እዚያው ግንዷ ላይ ተለጥፎ ዋለ። መንቁሩን አንሥቶ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመታት ፀሐይ ገባች።

ወሬውን ያመጣችለት እትዬ ጃርት ናት። ከሸለቆው አፋፍ፣ ከትልቁ ኩይሳ ሥር፣ ለትንንሽ ወርክሾፕ ባለቤቶች ሥልጠና ሊሰጥ ነው አለችው። አዲስ አሠራር ነው፤ ዕቃን ከግንድ ከማውጣት ይልቅ ከምንም ተነሥቶ፣ ስስ ስሱን በላይ በላይ እየደረቡ ማቆም ነው። ቀፎውም ገንዳውም ዋንጫውም እንዲያ ይሠራል። የምታሠለጥነው እመት ምስጥ ናት።

እማማ ዋንዛ ይህን ስትሰማ ቅጠሏ ረገፈ። ሥሬን የምትበላው ሴትዮ ዘንድ ልትማር ነው ወይ አለችው። አያ ቆርቁርም ነገሩ ከብዶታል። የእሷ ወገን እንጨት ይበላል፤ የእሱ ወገን ደግሞ ምስጥ ይበላል። አባቱ ለቁርስ ሌላ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ግን ሌላ ምን አለ? አንገቱን አሻሽቶ ሄደ።

ሥልጠናውን ያዘጋጀው የንጉሡ የአንበሳ ግቢ ስለሆነ በንግግር ተጀመረ። ከግቢው የተላከችው ጦጣ ስለሚመጣው ዘመን ተናገረች፤ ጥላው ዞሮ ፀሐይ አናታቸው ላይ እስኪወጣ ተናገረች። ሲያበቃ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ መዳፏን ያተመችበት ቅጠል አደለች። መሠልጠናቸውን የሚመሰክር ቅጠል ነው። ገና ምንም አልሠለጠኑም። እትዬ ጃርት የእሷን ቅጠል ምሳ ሳይደርስ በላችው።

ከዚያ እመት ምስጥ ከኩይሳዋ ወጣች። ክንፎቿ ድሮ ረግፈዋል፣ እግሯ ከሸለቆ ሸለቆ ስትዞር አልቋል፤ ድምፇም እንደ እኔ የደከመ ነው።

«ከሁሉ በፊት አንድ ደንብ አለን» አለች። «እዚህ ሠልጣኝ አሠልጣኙን አይበላም።»

ሁሉም ዞረው አያ ቆርቁርን አዩት። እሱ መሬት መሬቱን እያየ ቁርስ በልቶ እንደመጣ ተናገረ። ውሸቱን ነበር፤ ሆዱ ሲጮህ ጃርት ሰምታዋለች።

እመት ምስጥ አፈር በምራቋ አርጥባ አንዲት ቅንጣት አስቀመጠች። ከጎኗ ሌላ፣ ከጎኗ ሌላ፤ ዙሩ ገጠመ። አሁን ምን እናደርጋለን ብላ ጠየቀች። አያ ፍልፈል ሌላ መደረብ ነዋ አለ። የለም አለች፤ አሁን እንጠብቃለን። ዙሩ ሲደርቅ ሌላ ዙር አከለች። እንደገና ጠበቁ። እንደገና አከለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም ብላ ጭቃውን ሰጠቻቸው።

ሦስቱም ጀመሩ። እነሱ ግን ሳይመሽ ዕቃ ጨርሰው የሚገቡ ሠራተኞች ናቸው፤ ቁጭ ብሎ ጭቃ ሲደርቅ ማየት ሥራ መፍታት ሆኖ ታያቸው። አያ ቆርቁር በእርጥቡ ላይ እርጥብ ደረበ። ቶሎ ቶሎ ደረበ። ወገቡ ጋ ሲደርስ ግድግዳው ሆዱን ነፋ፣ ጎበጠ፣ ከዚያ በዝግታ ተዘርፍጦ እግሩ ላይ ተኛ። የፍልፈልም ተዘረፈጠ። የጃርት ደግሞ እሾኋ ላይ ነው የፈረሰው። አያ ፍልፈል ጭቃውን ከጺሙ ጠረገና ቤት የሚጠብቀኝ ድንጋይ አለ ብሎ ቅጠሉን ይዞ ሄደ። ማንም አልጠራውም።

አያ ቆርቁርም ወደ ቤቱ ሊሄድ አስቦ ነበር። ሸለቆውን ቁልቁል ሲያይ እማማ ዋንዛ ለብቻዋ ቆማ አያት፤ ክምሩ ላይ ነፋስ አለፈና «እኛስ?» የሚለው እዚህ ድረስ የመጣ መሰለው። ጆሮዬም ደክሟል አለ በልቡ። ተመልሶ ጭቃው አጠገብ ተቀመጠ።

በሁለተኛው ሙከራ ትዕግሥት አደረገ። አንድ ዙር ይደርባል፣ ይጠብቃል። ይደርባል፣ ይጠብቃል። በረሃብ ዓይኑ እየጨለመ፣ በፊቱ ስንት የሰባ ምስጥ እያለፈ፣ ምራቁን ውጦ ይጠብቃል። ቀናት ሄዱ፤ በተራራው ጀርባ ደመና መሰብሰብ ጀመረ። ሲጨርስ ትልቅ ነገር ቆመ፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ቢገፉት የማይነቃነቅ። በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ዞሮ ዞሮ አየውና አንገቱን አሰናድቶ፣ ከላይ ወጥቶ፣ መሐሉን መቆርቆር ጀመረ።

እመት ምስጥ ድምፁን ሰምታ ወጣች።

«አያ ቆርቁር፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ቀፎ።»

«እስካሁን የሠራኸውስ ምን ነበር?»

መንቁሩ አየር ላይ ቀረ። የሠራውን አየ፣ እሷን አየ።

«ግንድ» አለ።

ይህን ሲል የደረቀው ጭቃ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀና ለሁለት ተከፈለ። ያን ሁሉ ቀን፣ ያን ሁሉ ረሃብ የጨረሰበት ነገር ወደቀ። አልጮኸም፤ አልተቆጣም። ቁርጥራጩ መሐል ቁጭ አለና አንገቱን ደረቱ ውስጥ ቀበረ። እመት ምስጥም መቆም አቅቷት አጠገቡ ተቀመጠች። በየሄደችበት እንዲሁ ነው። ፈልፋዮች ሁሉ መጀመሪያ ሞልተው ይሠራሉ፣ ከዚያ ያወጣሉ። እትዬ ጃርት ከኩይሳው ጀርባ ድፍን ቅል ሠርታ በጥርሷ እየፋቀች ነበር።

«እኔ ማውጣት እንጂ ማከል አይሆንልኝም» አላት። «አርጅቻለሁ። ለሌላ ሰው አስተምሪ።»

እመት ምስጥ ግን እንጨት ሲቆረቁር የት ላይ ማቆም እንዳለበት በምን እንደሚያውቅ ጠየቀችው። በድምፁ ነው አላት፤ ግድግዳው ሲሳሳ ድምፁ ይለወጣል። ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ባዶው ይታየዋል። ግንዱን ገና ሲያየው ማር የሚቀመጥበት ክፍት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።

«እንግዲያ ከባዱን ታውቀዋለህ» አለች። «የሚታይህን ባዶ አትንካው። ዙሪያውን ብቻ ሥራ። ስታወጣው የኖርከውን አሁን አታስገባው።»

አያ ቆርቁር ነገሩ ሲገባው አልተደሰተም፤ ይልቅ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። እድሜ ልኩን አንገቱን የሰበረው ለዚህ ነበር?

ጭቃ ስጪኝ ብሎ ሊነሣ ሲል እመት ምስጥ ከለከለችው። ምራቋ የእሷ ነው፤ ለዘላለም ስትተፋለት አትኖርም። የጭቃ ቀፎም ለንብ ይከብዳል፣ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል። ወደ አገሩ ሄዶ የራሱን አፈርና የራሱን ምራቅ እንዲፈልግ ነገረችው። ሲለያዩ ስላልበላት አመሰገነችው።

አያ ቆርቁርና እትዬ ጃርት ቁልቁል ወረዱ። ደመናው ከፊታቸው ቀድሞ ሸለቆው ላይ ተቀምጧል። እቤት ሲደርሱ የንቦቹ ንግሥት እማማ ዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ አርፋ ትጠብቃለች። መንጋው ተሰናድቷል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እንደሚነሡ ተናገረች።

አያ ቆርቁር ደጃፉ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየ። ምን አፈር? ምን ምራቅ? ነፋስ መጣና ክምሩ ተንኮሻኮሸ።

«እኛስ?»

በዚህ ጊዜ ዝም በሉ አላለም። ዝም ማሰኛ ጉልበትም አልነበረውም።

«እናንተ ምን?»

«እኛም ዋንዛ ነበርን» አለ ክምሩ። «ቀፎ መሆን እንችል ነበር። አንተ ነህ ያወጣኸን።»

ይህን ሲል ከላይ አንድ የበሰለ ፍሬ ወድቆ አናቱ ላይ ፈረጠ። ሊጠርገው ቢሞክር ክንፉ ከራሱ ጋር ተጣበቀ። የዋንዛ ፍሬ የበላ ያውቀዋል፤ ከጣት አይለቅም።

«ልጆችህ ላባቸው ተጣብቆ ስንት ጊዜ አልቅሰውብኛል» አለች እማማ ዋንዛ። «ይህንንም ረሳኸው?»

እትዬ ጃርት ነገሩ ቀድሞ ገባት። ከክምሩ ደቃቅ ደቃቁን ለይታ፣ ፍሬውን ጨምቃበት፣ በእግሯ ትረግጠው ጀመር። አያ ቆርቁር ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ባዶው እስኪታየው ድረስ ጠበቀ። ታየው። ዙሪያውን ሄደበት። አንድ ስስ ዙር ደረበና ተቀመጠ። ሲጠነክር በመንቁሩ ጫፍ ነካ አደረገው፣ አዳመጠ፣ ሌላ ዙር ደረበ። አንዱ ዙር ላይ ድምፁ ደስ አላለውም፤ አፍርሶ እንደገና ሠራው። እትዬ ጃርት ዝናቡ ሊደርስብን ነው ብትለው አልሰማትም። እማማ ዋንዛ ያላትን ቅጠል ሁሉ ወደዚያ ወገን አዘነበለች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ እሷ ላይ ቀሩ፤ እሱም የመጨረሻውን ዙር ገጥሞ ትንሽ በር ተወለት።

ንግሥቲቱ ወረደች። ከውጭ ዞረችው፣ በቀንዶቿ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው። የዋንዛ ሽታ ነው።

«የቆረጥከው ግንድ የታለ?»

«አልቆረጥኩም።»

አሻቅባ ዛፏን አየች። ከዚያ ነገር ሳታበዛ ገባች፤ መንጋው ተከተላት። ዝናቡ ሲወርድ ቀፎው ውስጥ ሆነው ሲያንጎራጉሩ ተሰማ። አያ ቆርቁርም የሚያስጨንቀው ነገር ሳይኖር ተኛ፤ አንገቱ አላመመውም።

በዚህ ብጨርስላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። ግን ትንሽ ቀርቶኛል፣ ታገሡኝ።

ሌሎች መንጎች ሰምተው መጡ። ቀፎ ባዘዙ ቁጥር የሚሠራው ከክምሩ ነውና ክምሩ እየጎደለ ሄደ። አንድ መንገደኛ ቆቅ በደጃፉ ሲያልፍ ክምርህ ይብዛ ሊለው ብሎ ደንግጦ ዋጠው። እንዲህ የተራቆተ ደጃፍ ያለው ባለሙያ ወይ ታሟል ወይ ሥራ አጥቷል። ምን ነካህ ብሎ ጠየቀው። አያ ቆርቁር ማስረዳቱ ራሱ ስለታከተው፣ ደክሞኝ ነው አለና አሳለፈው።

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲሆን ክምሩ ተጠርጎ አልቆ የእማማ ዋንዛ እግር ሥር ያለው አፈር ታየ። በአያቱ ዘመን የተሸፈነ አፈር ነው። አያ ቆርቁር ፍርፋሪ ካለ ሊለቅም ሲወርድ ሁለት ቅጠል ያላት ትንሽ ነገር ብቅ ብላ አየ። አረም መሰለችውና ሊነቅላት ጎንበስ አለ። ቅጠሏን ሲያይ መንቁሩ ቆመ። ከወዲያ ሌላ አለች። ከግንዱ ጀርባም ሌላ።

እርጅና አልነበረም። ፍሬዋ ሁሉ ያን ሁሉ ዘመን የወደቀው ፍቅፋቂ ላይ ነበር። አፈር የነካ አልነበረም። የእሱ ክምር ነው አፍኖ ያስቀራቸው። ጫካ የሚያህል ነገር ደጃፉ ላይ ሲሞት ኖሯል፤ እሱ ደግሞ በየጠዋቱ በላዩ ሲጨምርበት። ችግኟ አጠገብ ተቀመጠ። አለቀሰ።

«ታውቂ ነበር?» አላት በመጨረሻ።

«አውቅ ነበር» አለች እማማ ዋንዛ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ዛፏ ቅጠሏን አንሾካሾከች።

«ክምርህ ይብዛ ሲሉህ ደስ ይልህ ነበር።»

በማግሥቱ እትዬ ጃርት ለሥራ ስትመጣ ችግኟን በእሾህ አጥራ፣ እንደ ወትሮው ሰላም ልትለው አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ትንሽ አሰበች። ከዚያ «ክምርህ ይነስ» አለችው። «ያንቺም ይነስ» አላት። ሥራቸውን ጀመሩ።

እናንተም አዲስ ሙያ ስትማሩ የድሮው እጃችሁ ሳይታወቃችሁ ገብቶ ግንድ ያሠራችኋል፤ ጠብቁት። ግን አትጣሉት፤ ባዶው የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ከምትኮሩበት ነገር ሥር ደግሞ ምን ተቀብሮ እንዳለ አንዳንዴ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። እኔ የያዝኩትን ተረት አራገፍኩ። ያልተኛችሁ የተኛውን ተሸክማችሁ ሂዱ፤ በሩንም ስትወጡ ገርበብ አድርጉልኝ።